መጀመሪያ የሚወጣው ገጽ

የልጅ ልጄን ስም ጉግል ላይ ስትጽፉ መጀመሪያ የሚወጣው ውሸት ነው። ፎቶዋ አለበት፤ ነጭ ጋዋን ለብሳ፣ ፈገግ ብላ፣ ከመድኃኒት መደርደሪያ ፊት ቆማ። ከፎቶው በላይ በቀይ ፊደል «ሕፃኑን በተሳሳተ መድኃኒት ለሞት ያደረሰችው የጅማዋ ፋርማሲስት» ይላል። ሕፃኑ አልሞተም። መድኃኒቱንም የሰጠችው እሷ አይደለችም። ግን ማን ይጠይቃል?

ሔራን ጥላሁን ትባላለች። ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። እናቷ፣ ልጄ ጽዮናዊት፣ ኩዌት ከሄደች አሥራ ስምንት ዓመት ሆናት። በበዓል ትደውላለች፣ «ዘንድሮ እመጣለሁ» ትላለች፣ ዘንድሮም ያልፋል። አንድ ልጅ ለዓረብ አገር ሰጥቻለሁ፤ ሁለተኛ አልሰጥም። ይህን የምለው ሔራን ባለፈው መጋቢት ለእኔ ሳትነግር ፓስፖርት ስላወጣች ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሔራን ትሠራበት በነበረው መድኃኒት ቤት ለአንድ የሁለት ዓመት ልጅ ከሚገባው በላይ የጠነከረ ሽሮፕ ተሰጠው። ልጁ ሆስፒታል ገብቶ በሳምንቱ ድኖ ወጣ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ያን ቀን ሔራን ፈቃድ ላይ ነበረች፤ አወቱ መንደራ ሰፈር፣ እዚሁ ቤታችን ከእኔ ጋር ጎመን ስትቀነጥስ ነው የዋለችው። ግን መድኃኒት ቤቱ ለማስታወቂያ ብሎ የለጠፈው ፎቶ የእሷ ነበር። አንድ በኢንተርኔት ወሬ የሚጽፍ ሰው ፎቶውን ከዚያ አንሥቶ፣ ስሟን ጨምሮ፣ የሚያውቀውንም የማያውቀውንም ጻፈ። በኋላ ምርመራ ተደረገ፣ ነጻ መሆኗን የሚገልጽ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ተሰጣት። ደብዳቤው በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥኔ ውስጥ ተቀምጧል። የእኔን ቁም ሣጥን ግን ማንም ጉግል አያደርገውም።

ለጻፈው ሰውዬ በገጹ በኩል ስንት ጊዜ መልእክት ላከችለት መሰላችሁ። መልስ የለም። ማን እንደሆነም አይታወቅ፤ ገጹ ላይ የሰው ስም የለ፣ ስልክ የለ።

አጋሮ አንድ ቦታ ተፈትና «ሰኞ ጀምሪ» ተባለች፤ እሑድ ማታ ደውለው «ቦታው ተይዟል» አሏት። እዚሁ ጅማ ሌላ ቦታ አመለከተች። የዚያኛው ባለቤት እንኳ አልዋሻትም፤ «እኔ አምንሻለሁ እህቴ፣ ደንበኛዬ ግን ስምሽን ጽፎ ያያል» አላት። ከዚያ በኋላ ሱቅ እንኳ መሄድ ተወች። ሻይዋ ፊት ለፊቷ እየቀዘቀዘ ግድግዳ ታያለች። እኔ ደግሞ እሷን አያለሁ። ምን ልሥራ?

በጥቅምት መጨረሻ ሰኮሩ ከተማ አስፋልቱ ዳር አዲስ መድኃኒት ቤት ሊከፈት ነው ተባለ። የባለቤቱ ስም ሐጂ ሱሌይማን ነው። ሔራን ሄዳ ተፈተነች፣ ከሁሉም በልጣ አለፈች። ሐጂም «ለሦስት ሳምንት ዕቃ ላስገባ አዲስ አበባ እሄዳለሁ፤ ስመለስ ኢንሻአላህ እደውልልሻለሁ» አሏት። ቤት ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ፦

«እማዬ፣ ይሄ ሦስተኛው ነው። ይሄም ካልሆነ እሄዳለሁ፤ የዓረብ አገሩ ደላላ ቪዛው ተዘጋጅቷል ብሎኛል» አለችኝ።

ሦስት ሳምንት። ሰውዬው በአንዱ ቀን ስልካቸውን አውጥተው ስሟን ይጽፋሉ። ያ ቀይ ፊደል ይወጣል።

ብሎግ የሚባለውን ነገር ያመጣችው ረይሃና ናት። ረይሃና ከሔራን ጋር አብራ የተማረች የጎረቤት ልጅ ናት፤ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ኮፒና ጽሕፈት የምትሠራበት ትንሽ ሱቅ አላት፣ ኮምፒውተር እንደ እጇ መዳፍ ታውቃለች።

«እማማ ወይንሸት፣ ያንን ገጽ ማጥፋት አንችልም» አለችኝ። «ወደ ታች መግፋት ግን እንችላለን። ሔራን በስሟ የራሷን ገጽ ትክፈት። እየጻፈች፣ አንባቢ እያገኘች ስትሄድ የእሷ ከላይ ይሆናል፤ ያኛው ይወርዳል። ሁለተኛው ገጽ ላይ ከወረደ ተቀበረ ማለት ነው። ማንም እዚያ ድረስ አይሄድም።»

«በስንት ቀን ይወርዳል?»

«እሱን እንግዲህ ወላሂ አላውቅም። ርዕሱ ግን ሰው የሚፈልገውን ቃል መያዝ አለበት። የእሷን ስም የሚጽፍ ሰው ማወቅ የሚፈልገው ያን ቀን ምን እንደሆነ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እሱን ትጻፍ። ደብዳቤውንም ትለጥፍ።»

ብድግ አልኩ። «በጭራሽ! ስለዚያ ነገር አንድ ቃል አትጽፍም! የረሳውን ሰው ልታስታውሱት ነው? ያልሰማውንስ ልታሰሙት?»

«እማማ፣ ስሟን የሚጽፈው የሰማው ነው እኮ...»

«አልኩ በቃ። ስለ መድኃኒት ትጻፍ። የሚጠቅም ነገር። ሰው ሲያያት የተማረች ልጅ ይበል።»

ሔራን እኔ ድምፄን ከፍ ካደረግሁ ዝም ትላለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ነች። ብሎጉን ስለ መድኃኒት ጀመረችው። የሽሮፕ ጠርሙስ ከተከፈተ ስንት ቀን ይቆያል፣ ክኒን በወተት መዋጥ ችግር አለው ወይ፣ የታላቁን የተረፈ አንቲባዮቲክ ለታናሹ ለምን አይሰጥም። ሐሳቡን ብዙውን ጊዜ የማመጣላት እኔ ነበርኩ፤ ሰፈር ውስጥ ሴቶች የሚጠይቁኝን እየሰበሰብኩ። እውነት እላችኋለሁ፣ ደኅና አድርጋ ነው የምትጽፈው። ስምንተኛ ክፍል ድረስ የተማርኩት እኔ እንኳ ሳልቆም አነባለሁ።

ግን በሳምንቱ ብሎጉ ሦስተኛው ገጽ ላይ ነበር። ውሸቱ እዚያው ከላይ። እኔ በየሰዓቱ ስልኬን አነሣለሁ፣ ስሟን እጽፋለሁ፣ ወረደ እንደሆነ ብዬ ያንን ገጽ ከፍቼ አየዋለሁ። አልወረደም። ቡና እየጠጣሁ አየዋለሁ። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አየዋለሁ። 

ረይሃና ጋ ሄድኩ። «ምን ቢደረግ ነው የሚወጣው?»

«አንባቢ ሲያገኝ ነዋ። ሰው በብዛት ሲፈልገው፣ ሲከፍተው፣ ቆይቶ ሲያነበው።»

ሰው በብዛት! ይሄንንማ እኔ አውቅበታለሁ አልኩ በልቤ። የሴቶች ዕድራችን ጸሐፊ ከሆንኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ሐዘን ሲሆን ስም የምጠራው፣ ለመጣችው መዝገብ ላይ ምልክት የማደርግላት እኔ ነኝ። ሰማንያ አራት አባላት አሉን፤ ክርስቲያንም እስላምም። መገኘት ማለት ምን እንደሆነ ለእኔ የሚነግረኝ የለም።

እሑድ ስብሰባ ላይ ተነሣሁ። ሳቢሃ፣ ምላሷ የማይያዝ ልብስ ሰፊ ጎረቤቴ፣ ገና አፌን ስከፍት፦

«አዴ ወይንሸት፣ ቀብር ነው ወይስ ሰርግ?» አለች።

«ስልክ ነው።»

«ስልክም መቅበር ጀመርን? ኧረ የኔም ሊሞት ነው፣ ቻርጅ አይዝም!»

ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ውሸቱን፣ አጋሮን፣ ሰኮሩን፣ ፓስፖርቱን። ፓስፖርት ስል ሳቁ ቀረ። በዚያ ግቢ ውስጥ ልጇ ዓረብ አገር ያልሄደባት ስንት ናት?

«እንግዲህ» አልኳቸው፣ «ስልክ ያላችሁ በስልካችሁ፣ የሌላችሁ በልጆቻችሁ ስልክ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ጉግል ላይ ሔራን ጥላሁን ብላችሁ ጽፋችሁ ግቡ። ሐዘንተኛ ቤት እንደምትገቡት። የገባች ትንገረኝ፣ ምልክት አደርጋለሁ።»

«ለሐዘን ሦስት ቀን እንቀመጥ የለም እንዴ!» አለች ሳቢሃ፤ አሁን አትቀልድም ነበር። «ለሔራን ጣት ማንቀሳቀስ ያቅተናል? ኤዬ፣ እንገባለን!»

ገቡ። አራት ቀን ሙሉ በሬ ላይ ሰው አልታጣም። «ገብቻለሁ ጸሐፊ፣ ምልክቴን!» «እኔ ሦስቴ ገባሁ!» መዝገቡ በምልክት ሞላ። ደስ አለኝ። ከስንት ወር በኋላ ምሳዬን እስከ መጨረሻው በላሁ።

ኀሙስ ከሰዓት ሔራንን ጠራኋት። «እስቲ የአንባቢሽን ቁጥር አሳዪኝ» አልኳት። ላስደንቃት ነው።

ከፈተችው። «ዘጠኝ» አለች።

«ዘጠኝ መቶ?»

«ዘጠኝ ሰው፣ እማዬ። በአራት ቀን።»

መዝገቡን አምጥቼ ጭኗ ላይ ዘረጋሁት። ምልክቶቹን አየች፤ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ስልኳን አንሥታ ስሟን ጻፈች፣ ያንን ቀይ ገጽ ከፈተችና ወደ ታች ወረደች። ከዓመት በላይ ማንም አስተያየት ያልጻፈበት ገጽ ነበር። አሁን ሰው እንደ ገበያ ፈልቶበታል። «የአወቱ መንደራ እናቶች ይህን ውሸት እናወግዛለን!» ይላል አንዱ። «አንተ ሐሰተኛ፣ ልጅቷን እናውቃታለን!» ይላል ሌላው። ሳቢሃ ብቻዋን አሥራ አንድ ጊዜ «አላህ ይይልህ» ብላለች። ከእነሱ በታች ደግሞ የማናውቃቸው ሰዎች መጥተው «የቷ ናት? ፎቶዋን አሳዩን» ይላሉ፣ ይሳደባሉ፣ ለጓደኞቻቸው ይልካሉ።

ስሟን ጽፈው ገቡ እንዳልኳቸው። ስሟን ሲጽፉ መጀመሪያ የሚወጣው ግን ያ ነው። እሱን ነካ አድርገው ገቡ፣ ተናደዱ፣ ጻፉ፣ ነገም ተመልሰው መጡ። ሰማንያ ሴት ያሰለፍኩት ለውሸቱ ነው።

ረይሃና ሱቋን ዘግታ እየሮጠች መጣች። አይታ ራሷን ያዘች።

«ግን እየረገሙት ነው እኮ!» አልኳት። «እርግማን እንዴት ከፍ ያደርገዋል?»

«ማሽኑ እርግማንና ምርቃት አይለይም፣ እማማ። የሚያየው ሰው መምጣቱን ነው። መጡ፣ ቆዩ፣ ተመለሱ። ይሄ ገጽ ተፈላጊ ነው ይላል።» ከዚያ፦ «እርስዎም ይከፍቱታል?» አለችኝ።

«ወርዶ እንደሆነ ለማየት...»

«በቀን ስንት ጊዜ?»

ስልኬን ነጠላዬ ውስጥ ደበቅሁት። ሔራን እያየችኝ ነበር።

ሐጂ ሱሌይማን ሊመለሱ ዘጠኝ ቀን ቀርቷል። ነጠላዬን አጥፌ ከበር ወደ በር ዞርኩ። «እባካችሁ አትግቡ፣ እባካችሁ ስሟን አትጻፉ።» የገዛ ልጄን ስም አትጥሩብኝ እያልኩ መለመኔ ነው እኮ! ሳቢሃ የስፌት መኪናዋን አቁማ አፈጠጠችብኝ።

«ማል ሆንሽ? ምን ነካሽ? ትናንት ግቡ፣ ዛሬ አትግቡ! እኔ ከሰውዬው ጋር ተጣልቼ መልስ እየጠበቅሁ ነው።»

«አይመልስም፣ ሳቢሃ። ስትሰድቢው ይጠቀማል።»

«እንዴት ያለ ባለጌ ነው!» አለች፣ ስልኳንም ወደ ኪሷ ከተተች። ግን ምን ዋጋ አለው፤ አትዩ ስላቸው ያላዩትም ማየት ጀመሩ።

ቤት ስገባ ሔራን አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። አታለቅስም። ብታለቅስ በተሻለኝ። ፓስፖርቷን ከመሳቢያ አውጥታ የእጅ ቦርሳዋ ውስጥ ስታስገባ አየሁ፤ ፊት ለፊቴ፣ ሳትደብቅ። ያኔ ሳትነግረኝ ያወጣችው ልጅ አሁን ለመደበቅ እንኳ ግድ አልነበራትም። ወለሉ ላይ ተቀመጥሁ።

«ጻፊው» አልኳት።

«የቱን?»

«እንዳትጽፊው ያልኩሽን። ያን ቀን የሆነውን።»

«አንቺ እኮ ነሽ...»

«እኔ ነኝ አዎ። ያልሰማ አይስማ ብዬ ነበር። ከእንግዲህ ያልሰማ አለ? እኔው አሰማሁት። ሐጂም ይሰማሉ። የሚሰሙት ከእሱ ብቻ ከሚሆን ከአንቺም ይስሙት።»

 «የልጁን እናት ሳላስፈቅድ አልጽፍም» አለች።

በማግሥቱ አብረን ሄድን። የልጁ እናት ፋሪዳ በሩን ግማሽ ብቻ ከፈተችልን። ልጁ ከኋላዋ ቀሚሷን ይዞ ቆሟል፤ ጉንጩ ሞላ ብሎ፣ ብስኩት እየበላ።  ይሄ ነው እንግዲህ ሞተ የተባለው።

ሔራን ነገረቻት። ፋሪዳ ሰምታ፦ «የልጄን ስም እንዳታነሺ። ፎቶውንም» አለች። «የራስሽን ግን አንሺ። አንቺ እንዳልሆንሽ እኔ መቼ ጠፋኝ። የጠየቀኝ ሰው ስለሌለ ነው።» በሩን ዘጋችው። እናት ናት፤ አልፈርድባትም።

ሔራን ሁለት ቀን ጻፈች። ርዕሱን «ሔራን ጥላሁን ማን ናት? በዚያ ቀን በመድኃኒት ቤቱ ምን ተፈጠረ?» አለችው፤ ሰው የሚጽፈውን ቃል በሙሉ። የት እንደነበረች፣ ፎቶዋ እንዴት እንደተወሰደ፣ ምርመራው ምን እንዳለ ጻፈች። በዚያ መድኃኒት ቤት መጠኑን ዳግመኛ የሚያይ ሁለተኛ ሰው እንዳልነበረ፣ እሷም ይህን ቀድሞ እያየች ዝም ብላ እንደነበር ጨመረችበት። ይህን ሳነብ «አውጪው፣ በራስሽ ላይ ነው የምትመሰክሪው» አልኳት። «እሱ ከወጣ ሌላውንም አያምኑኝም» አለች። ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ዝም አላለችም። ቀረ፤ ማለት ጽሑፉ ውስጥ ቀረ።

ደብዳቤውን ከቁም ሣጥኔ አወጣሁት። ረይሃና ፎቶ አንሥታ፣ በደካማ ኔትወርክም እንዲከፈት አሳንሳ ለጠፈችው። የሔራን የኮሌጅ ጓደኞችም በየገጻቸው ወደ ብሎጉ የሚወስደውን ሊንክ አስቀመጡ። ለዕድሩ ሴቶች ግን ስሟን ጻፉ አላልንም። ሊንኩን በቴሌግራም በእጃቸው ሰጠን፣ «ይህን ብቻ ንኩ፤ እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ ማንበብ የማይችል ይነበብለት» አልን። ሳቢሃ ልብስ ሊያሰፋ የመጣውን ሁሉ እያስቀመጠች ታነብለት ጀመር። «ሳትሰሚ ቀሚስሽን አልለካም!» ትላለች አሉ።

በሁለተኛው ቀን ረይሃና ደወለች። ጽሑፉ ከመጀመሪያው ገጽ ግርጌ ወጥቷል። በሦስተኛው ቀን አራተኛ። ከዚያ ሁለተኛ። ሁለተኛ ላይ ቆመ። ቀይ ፊደሉ አሁንም ከላይ ነው። እኔ አላየሁም፤ ስልኬን ለረይሃና ሰጥቼ ነበር፣ እጄን ስለማላምነው። እሷ ናት የነገረችኝ።

«አንደኛ አይሆንም?»

«ይሆን ይሆናል። በወር፣ በሁለት ወር። እኔ እንጃ፣ እማማ።»

የወር ጊዜ ማን ሰጠን?

ሐጂ ሱሌይማን ዓርብ ከሶላት በኋላ ደወሉ። ሔራን ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ውጭ ቀይ ቡና የጫነ አይሱዙ እያጓራ አለፈ፤ እስኪያልፍ ድረስ ሰውዬው ምን እንዳሉ አልሰማንም።

«...አልኩ፣ ስምሽን ጽፌ ነበር።»

«አዎ፣ ሐጂ» አለች።

«ሁለት ነገር ወጣ። ሁለቱንም አነበብኩ። ከላይ ያለውን ማን እንደጻፈው ባየው ባየው ስም የለውም። ከታች ያለው ስም አለው። እኔ የማናግረው ስም ያለውን ነው።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መጠኑን ዳግመኛ የሚያይ ሰው እንዳልነበረ እያየሽ ዝም ብያለሁ ብለሻል። እኔ ቤትስ ዝም ትያለሽ?»

እኔ እጄን አፌ ላይ አድርጌያለሁ። ነግሬሽ ነበር፣ አውጪው ብዬሽ ነበር እያልኩ ነው በሆዴ።

«አልልም» አለች። «ሁለተኛ የሚያይ ሰው ከሌለ አልሰጥም እላለሁ። ደንበኛ ቢሄድብዎትም።»

 

«ሰኞ ነይ» አሉ። «ለአንድ ወር እንተያይ። ግን ልጄ፣ ልንገርሽ፤ የሰኮሩም ሰው ስልክ አለው።»

ፓስፖርቱን ከቦርሳዋ አላወጣችም። «ወሩ ይለቅ» አለችኝ። ደላላውንም ጠብቅ ነው ያለችው፣ አልፈልግም አላለችውም። እኔ በደስታ ማልቀስ ይሁን በፍርሃት ሳልለይ አለቀስሁ።

ሰኞ አብሬያት ሄድሁ። «እማዬ፣ ሕፃን መሰልኩሽ?» ብላ ተቆጥታኝ ነበር፤ ሄድሁ። ከመደርደሪያው ማዶ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ፤ የታመምኩ እመስላለሁ መቼም። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት የሐኪም ወረቀት ይዛ ገባች። ሔራን ወረቀቱን አነበበች፣ የልጁን ክብደት ጠየቀች፣ ሽሮፑን አወረደች፣ ከውስጥ ሐጂን ጠርታ መጠኑን አሳየቻቸው። እሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው አዩት።

ሴትየዋ ሔራንን ትኩር ብላ አየቻት።

«የት ነው የማውቅሽ? ስምሽ ማነው?»

 ሔራን ብቻ በይ፣ ያባትሽን ስም ተዪው እያልኩ ነበር በልቤ።

«ሔራን ጥላሁን» አለች።

ሴትየዋ ስልኳን ከጉያዋ አወጣች። አውራ ጣቷ መሄድ ጀመረ። ምን እንደምትጽፍ ካለሁበት አይታይም፤ ብነሣ ደግሞ ሔራን ትቆጣለች። የቱን ትከፍት ይሆን? ከላይ ያለውን? ከታች ያለውን?

ሔራን ቀና ብላ አላየቻትም። በመለኪያው ክዳን ላይ በእስክሪብቶ መስመር እያሰመረች፣ «እስከዚህች ድረስ ብቻ ነው፣ እናቴ» አለቻት፤ «ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። እስክታነቢ እጠብቅሻለሁ።»